ድልድይ የማይባልበት ቀን

በሁለት ሺህ ሰባ ስምንቱ ምርጫ ዕለት ጠዋት ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ ስክሪን ሁሉ ዓሣ ያሳይ ነበር። በየምግብ ቤቱ ግድግዳ፣ በፋርማሲው መስኮት፣ በአውቶቡሶቹ ጎን ግራጫ ዓሦች ቀስ ብለው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይዋኛሉ። ቀለም ያላቸው ዓሦች ከሁለት ምርጫ በፊት ቀርተዋል፤ ቢጫው አንዱን ፓርቲ፣ ቀዩ ሌላውን ያስታውሳል ተብሎ። ልጆች ቀኑን የዓሣ ቀን ይሉታል። በሕጉ ስሙ የጥሞና ቀን ነው።

ዘሐራ ይማም እንደ ወትሮዋ ከቤቷ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው በእግሯ ሄደች። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ ገና አላባራም። በዚያን ዘመን ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች እንኳ በጆሮ ማዳመጫ መነጋገር ለምደው ነበር፤ የመንገዱን ጫጫታ ያስቀርላቸዋል። በጥሞና ቀን ግን ማዳመጫው ቃል ይመርጣል። ያልተፈቀደ ቃል ሲመጣ በቦታው የውሃ ጠብታ ድምፅ ያሰማል፤ ወሬው ይቀጥላል። አንዲት ሴት ከሱቅ በር ላይ ሆና ለጎረቤቷ፣ «ስመለስ ለልጅሽ ጠብ ገዝቼ አመጣለሁ» ስትል ዘሐራ ሰማች። ማንኪያ ይሁን ጃንጥላ አላወቀችም። ሁለቱም የፓርቲ ምልክት ናቸው።

ጥሞና ድሮም ነበር። ፓርቲዎች ከምርጫው በፊት ጥቂት ቀን ቅስቀሳ ያቆማሉ፣ ሰው ረጋ ብሎ ያስባል፣ ይመርጣል። በኋላ በምርጫው ዕለት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስለ ፖለቲካ እንዳያወሩ ተከለከለ። ቀጥሎ ስልክ ተጨመረ። ቀጥሎ ማዳመጫ። ከዚያ የፓርቲ ምልክት የሆኑ ዕቃዎች ስም ሁሉ። በየምርጫው ትንሽ ትንሽ ነበር የሚጨመረው፤ ለዚህም ነው ማንም ይህን ያህል መድረሱን ልብ ያላለው።

ዘሐራ ሕጉን የምትጠላ ሰው አልነበረችም። በሃምሳ ሦስቱ ምርጫ፣ እሷ ገና ወጣት ሳለች፣ አንድ ጣቢያ እኩለ ቀን ላይ «ሳጥን ተሰርቋል» ብሎ ቀበሌውን በስም ጠርቶ አወራ። ነገሩ ውሸት ነበር። ወሬውን የሰማ ሰው ዱላ ይዞ ወጣ። ታላቅ ወንድሟ ጀማል በዚያ ቀበሌ ሰልፍ ያስከብር ነበር፤ ምሽቱን ሬሳው መጣ። ሕጉ ሲረቀቅ ዘሐራ ሕዝብ በተሰበሰበበት አዳራሽ ቆማ መስክራለታለች። ከዚያ ሬዲዮ ገባች። የእሷ ፕሮግራም «መንገድና ሰማይ» ይባላል፤ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ፣ የት ዝናብ እንዳለ ትናገራለች። ደሴ፣ ባቲ፣ ሐርቡ ያለ ሹፌር ፊቷን ባያውቅ ድምፅዋን ያውቃል።

በጥሞና ቀን ከጣቢያው ሰው ሁሉ የምትናገረው እሷ ብቻ ናት። ጽሑፉ ከጥሞና ባለሥልጣን ታይቶ ይመጣል፤ አብሮት አንድ ተቆጣጣሪ ይመጣል። የዘንድሮው ዮፍታሔ የሚባል፣ ንግግሩ የታረመ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ወጣት ነበር። ስቱዲዮው ውስጥ ከጎኗ ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣

«ወይዘሮ ዘሐራ፣ እናቴ እርስዎን ሳትሰማ ከቤት አትወጣም» አላት።

«እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ግን ብዙ የምትሰማው የለም።»

ወረቀቱን አነበበች። «ዛሬ በአብዛኛው ወሎ ዝናብ ይጠበቃል። ከቤት ሲወጡ በእጅ የሚያዝ መጠለያ አይርሱ።» ከዚያ ዋሽንት ገባ።

የሹፌሮች መስመር የጠራው ዋሽንቱ ሳያልቅ ነው። የደወለችው መሬም ነበረች፤ ባጃጅ ነጂ ናት፣ ከከተማው ወደ ቦርከና ማዶ ሰው ታመላልሳለች፣ በሳምንት ውስጥ ሳትደውል የምትውልበት ቀን ጥቂት ነው።

«እትዬ ዘሐራ፣ ጠብ ወርዷል።»

«ምኑ ነው የወረደው?»

«ጠብ። ኧረ ጠብ ነው የምልሽ። መሐሉ ጎብጧል። ሌሊት የመጣው ደራሽ አንዱን እግሩን ከሥሩ በልቶታል።»

«ወንዙን የምንሻገርበት?»

«እሱ። አሁን ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ። በከተማው በኩል አንድ ፖሊስ መጥቶ ገመድ ዘርግቷል። በማዶ በኩል ግን ማንም የለም። አውቶቡሶቹ ደግሞ ሰው ጭነው ሊመጡ ነው። ጠብ ሊሰጡ ነው የሚመጡት፣ ገባሽ?»

«ገብቶኛል።»

አውቶቡሶቹ ሹፌር የላቸውም። የሚሄዱበትን ከመንገድ ማዕከል ይቀበላሉ። ዘሐራ ማዕከሉን ጠራች። የሥራው ተረኛ በትሕትና መለሰላት፤ ማስጠንቀቂያው ንጋት ላይ ደርሷቸዋል፣ ነገር ግን የተከለከለ ቃል ስላለበት ለምርመራ ተይዟል፣ ምርመራው እስኪያልቅ አውቶቡሶቹ በተለመደው መስመር ይጓዛሉ።

ወደ ዮፍታሔ ዞረች። ስቱዲዮ ውስጥ ማዳመጫ ስለማይደረግ ቃላቱ እንዳሉ ይሰሙ ነበር።

«የታችኛው ድልድይ ተሰብሯል። አሁኑኑ መናገር አለብኝ።»

ዮፍታሔ አልተቆጣም። ያለችውን ቃል በቃል ጽፎ ላከውና፣ «መልስ እንጠብቅ» አላት።

«ምን ያህል ይቆያል?»

«ዛሬ ሥራ ይበዛባቸዋል።»

«ድልድይ ተሰበረ ለማለት?»

«ወይዘሮ ዘሐራ፣ ድልድይ የአንድ ፓርቲ ምልክት ነው። ‹ድልድዩ ተሰበረ፣ አትሂዱበት› ብለው በአየር ላይ ሲናገሩ ግማሹ ሰው የሚሰማው ስለ መንገድ አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ጣቢያ ‹ጃንጥላው ያፈሳል› ብሎ ቀለደ። ስንት ሱቅ እንደተቃጠለ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ» አለች። እውነትም ታውቃለች። በቃጠሎው ዕለት የትኛው መንገድ እንደተዘጋ ስትናገር የዋለችው እሷ ናት።

ጠበቁ። መስኮቱ ላይ ዝናቡ በረታ። የጣቢያው ኃላፊ ጋሽ ሰይድ አራጋው በር ላይ መጥተው ሁለቱን ተራ በተራ አይተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። መልሱ ሲመጣ ዮፍታሔ ፊቱ በራ። «ተፈቅዷል» ብሎ ስክሪኑን አዞረላት። የተፈቀደው እንዲህ ይላል፦ «በቦርከና አካባቢ የመንገድ መስተጓጎል ስላለ ተጓዦች ትዕግሥት እንዲያደርጉ በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ዘሐራ አነበበችው። ሌላ ነገር ስላልነበራት በሚቻላት መጠን የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሰጥታ አነበበችው።

መሬም ወዲያው ደወለች። «ሰማንሽ። ማንም አልቆመም። ትዕግሥት አድርገው እየመጡ ነው።»

«ከየት ደርሰዋል?»

«የመጀመሪያው ከላይኞቹ መንደሮች ሰው እየለቀመ ነው። ስሚኝ ሌላም አለ። እህቴ ጨፌ ትምህርት ቤት የጠብ አስፈጻሚ ናት። መንገድ ከተቆረጠ ማዶ ያለው ሰው እዚያ ጠብ እንዲሰጥ ደንቡ ያዛል አይደል? ከፍተውታል። ሳጥኑም መጥቷል፣ ታዛቢውም ተቀምጧል። የሚነግራቸው ስለሌለ ግን ሰው የለም። ዝንብ እያባረሩ ነው አለችኝ።»

ዘሐራ ይህንንም ለዮፍታሔ ነገረችው። በዚህኛው ፊቱ ጠቆረ።

«ይህ ጭራሽ አይሆንም» አለ። «የመንገዱስ ይሁን፣ እከራከርልዎታለሁ። የምርጫ ጣቢያ አድራሻ ግን በዛሬው ቀን የፖለቲካ ዘገባ ነው። ደግሞ ማዶ የጃንጥላ ሰፈር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ለእነሱ ለይተን ከነገርን ለአንድ ወገን ሠራን ማለት ነው።»

«ካልነገርናቸውስ ለማን ሠራን?»

«ዝም ማለት ወገን የለውም» አለ ዮፍታሔ፤ ግን እንደተማረው ነገር ነበር ያለው።

«አለው እንጂ። ዛሬ ዝም ካልኩ ማዶ ያለው ሰው ወይ ወንዝ ይገባል ወይ ሳይመርጥ ይውላል። ይህ ወገን ካልሆነ ምንድን ነው?»

የሚቀጥለው ሰዓት ደርሶ ቀይ መብራቷ ሲበራ ዘሐራ ወረቀቱን አላነሳችም። የተከለከለ ቃል ሳትነካ ለመናገር ሞከረች። «ወገኖቼ፣ ከማዶ ወደ ከተማ ቦርከናን አቋርጣችሁ የምትመጡ፣ የምትረግጡት ነገር መሐሉ ወርዷል፣ አትርገጡት...» እያለች ቀጠለች። ዮፍታሔ አላቋረጣትም። ማቋረጥም አላስፈለገውም። ስትጨርስ መሬም ደውላ፣ «‹ወገኖቼ› ካልሽ በኋላ ዋሽንት ነው የሰማነው» አለቻት። የጣቢያው ማጣሪያ ቃል ብቻ ሳይሆን የነገሩን ሐሳብ መያዝ ከጀመረ ቆይቷል።

ዘሐራ ከወንበሯ ተነሣችና ኮሪደሩን ይዛ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄደች። ጋሽ ሰይድ ጠረጴዛቸው ላይ ክርናቸውን አስደግፈው ተቀምጠዋል።

«ማጣሪያው የት ላይ ነው ያለው?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«የት ነው ያለው ጋሽ ሰይድ?»

«እዚሁ ስቱዲዮው ላይ። ከዚህ ተጣርቶ ነው ወደ የጎፍ የሚወጣው።» ወደ ተራራው በአገጫቸው አመለከቱ። «ማሠራጫው ቤት ውስጥ ምንም የለም። ለክፉ ቀን የተቀመጠ ማይክ አለ። ከማሠራጫው የወጣውን ደግሞ ማዳመጫም አውቶቡስም አይነካውም፤ ተጣርቶ መጥቷል ብሎ ያምነዋል።»

«ቁልፉን ይስጡኝ።»

«ይህን ሕግ አንቺ ነሽ የመሰከርሽለት ዘሐራ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ጋሽ ሰይድ መሳቢያቸውን ከፍተው ቁልፉን አወጡ። እጇ ላይ ሲያስቀምጡት እጃቸውን ወዲያው አላነሱም። «ጀማል ጓደኛዬ ነበር» አሉ።

ከድልድዩ በከተማው በኩል የነበረችው መሬም፣ ዘሐራ ስትጠራት መጥታ ባጃጇን በር ላይ አቁማ ጠበቀቻት። ወደ የጎፍ የሚወጣው መንገድ ጭቃ ሆኖ ጎማው ይሾር ነበር፤ ሁለት ጊዜ ወርደው ገፉት። የዘሐራ ሻርፕ በዝናቡ ረጥቦ አንገቷ ላይ ተጣብቋል።

«ቢይዙሽስ?» አለች መሬም።

«ይይዙኛል።»

«ልጅ የለሽ፣ ባል የለሽ፣ ይቺ ሥራሽ ናት ያለችሽ።»

«እሷንም ቢሆን ለዚህ ነበር የያዝኳት» አለች ዘሐራ።

ማሠራጫው ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ በጥድ ዛፎች መሐል ብቻዋን ቆማለች። ማይኩ በላስቲክ ተሸፍኖ መደርደሪያ ላይ ነበር። ዘሐራ ጋሽ ሰይድ እንዳሏት ሰካችው፣ ዋሽንቱን ዘጋችው፣ አፏን አስጠጋች። በዚያች ቅጽበት በመላው አካባቢ፣ በየማዳመጫውና በየአውቶቡሱ፣ ሙዚቃው ተቋርጦ የሰው ትንፋሽ ተሰማ።

«ዘሐራ ይማም ነኝ። የታችኛው ድልድይ ተሰብሯል። ድልድይ ነው ያልኩት። የቦርከና ድልድይ ምሰሶው ተበልቷል፤ ሰውም መኪናም አይችልም። ስለ ማንም ፓርቲ አላወራም፣ ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ነው የማወራው። አውቶቡስ ውስጥ ያላችሁ፣ ከበሩ በላይ ያለውን እጀታ ሳቡት፤ ይቆማል። እስኪቆም አትልቀቁት።»

ማይኩን ይበልጥ አስጠጋችው። ቀጠለች።

«ማዶ ያላችሁ ለመምረጥ የወጣችሁ ሰዎች፣ ወደ ከተማ አትምጡ። ጨፌ ትምህርት ቤት የምርጫ ጣቢያ ተከፍቶላችኋል። ሳጥኑም፣ ታዛቢውም አለ። ማንን እንደምትመርጡ አልነግራችሁም፣ እሱ አያገባኝም። የት እንደምትመርጡ ግን መስማት ይገባችኋል። ምርጫ ዛሬ ነው። ቃሉን በሬዲዮ ከሰማችሁት ስለቆየ ነው የምደግመው፤ ምርጫ ነው ዛሬ።»

ከኋላዋ በሩ ተከፈተ። ዮፍታሔ ነበር፤ ተከትሏቸው ሲመጣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተይዞበት የቀረውን ዳገት በእግሩ ነው የወጣው፣ ያ የተተኮሰው ሸሚዙ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። መሬም ልታግደው እጇን ዘረጋች፤ እሱ ግን ወደ ዘሐራ አልሄደም። ግድግዳው ላይ ወዳለው ማብሪያ ማጥፊያ ሄዶ እጁን አሳረፈበት።

ዘሐራ አየችው። ማውራቷን አላቆመችም። ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና ተናገረች፤ ድልድዩን፣ እጀታውን፣ ጨፌን። ዮፍታሔ እጁ ማጥፊያው ላይ እንዳለ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ ቆመ። «ጨፌ ትምህርት ቤት፣ ከገበያው በላይ» ብላ ስትጨርስ ማጥፊያውን ዝቅ አደረገው። ክፍሏ ጨለመች፣ የማሠራጫው ጩኸት ሞተ።

«ጨርሼ ነበር» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ ዮፍታሔ።

በዚያው ሰዓት ማዶ ምን እንደሆነ ዘሐራ የሰማችው ኋላ ላይ ነው። የመጀመሪያው አውቶቡስ ቁልቁለቱን ጨርሶ ወደ ወንዙ ታጥፏል። ሰው ሞልቶታል፤ መቀመጫ ያጡ ቆመዋል። ድምፅዋ ሲመጣ መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም። በጥሞና ቀን «ምርጫ» የሚል ቃል ስለማይሰማ ብዙዎቹ ማዳመጫቸው የተበላሸ መስሏቸው ነበር። ከበሩ አጠገብ ቆመው የነበሩት እማማ ፋጦ እንድሬ ናቸው ተንጠራርተው እጀታውን የያዙት።

አውቶቡሱ በጨዋ የሴት ድምፅ፣ «ያለ በቂ ምክንያት ጉዞ ማቋረጥ ቅጣት ያስከትላል። እባክዎ እጀታውን ይልቀቁ» አላቸው።

«አልለቅም» አሉ እማማ ፋጦ።

«እባክዎ እጀታውን ይልቀቁ።»

«የይማም ልጅ አትልቀቁ ብላለች። የማውቀው እሷን ነው፣ አንቺን አላውቅሽም።»

አውቶቡሱ እየተንገራገጨ ቆመ። የወረዱት ሰዎች ጥቂት እንደተራመዱ ድልድዩን አዩት፤ መሐሉ እንደ ደከመው በቅሎ ወገብ ሰርጉዷል፣ ቡናማው ውሃ ይልሰዋል። ከኋላ የመጣውን አውቶቡስ መንገዱ ላይ ተሰልፈው አስቆሙት። ከዚያ እንደ ሠርገኛ ተከታትለው በዝናብ ወደ ጨፌ ወጡ፤ ከመሐላቸው አንዱ ጃንጥላ ነበረውና ዘርግቶ ለእማማ ፋጦ ያዘላቸው። ማንም ምልክት ነው አላለም። ድልድዩ ከሰዓት በኋላ ተደርምሶ ወረደ። ማንም አልነበረበትም።

ዘሐራን የያዟት ከየጎፍ ስትወርድ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ደሴ ታስራ ቆየች። እዚያ ሳለች ሁለት ሰው ጠየቃት። አንዱ ከጃንጥላ ፓርቲ የመጣ ጠበቃ ነበር። ፎቶዋን በየቦታው እንደለጠፉት፣ ያለ ክፍያ እንደሚከራከርላት ነገራት።

«ፎቶዬን ከለጠፋችሁበት አውርዱልኝ» አለችው። «ለእናንተ አይደለም የተናገርኩት።»

«ግን የተናገሩት ለሕዝባችን ነው።»

«ሕዝብ የማንም አይደለም። ጨፌ ላይ ማን አሸነፈ?»

ጠበቃው ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመረ። ጨፌ ላይ ያሸነፈው የድልድይ ፓርቲ ነበር። የማዶን ሰው ልብ እናውቃለን ያሉት ሁሉ አላወቁትም።

ሁለተኛው ጠያቂ ዮፍታሔ ነበር። ከሥራ ለቋል። ችሎት ላይ እንደሚመሰክር፣ የሰማውንም ሁሉ እንዳለ እንደሚናገር ነግሯት ሄደ። ተናገረም። ማጥፊያውን ለምን ወዲያው እንዳላወረደው ሲጠየቅ፣ «መስማት ፈልጌ ነበር» ብሎ መለሰ።

ችሎቱ ከፍ ባለ አዳራሽ ነበር። የመሐል ዳኛዋ ትርሲት የሚባሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ክሱ ተነበበ፤ ዘሐራ በአየር ላይ ያለቻቸው የተከለከሉ ቃላት ሲዘረዘሩ ማዳመጫቸውን ያላወለቁ ታዳሚዎች ጠብታ ብቻ ሰሙ። የጥሞና ጉዳይ በሚታይበት አዳራሽ ዓመቱን ሙሉ የጥሞና ቀን ነው።

«ወይዘሮ ዘሐራ» አሉ ዳኛዋ፣ «የሰው ሕይወት ማዳንዎን ይህ ችሎት አይክድም። ነገር ግን የምርጫ ጣቢያ አድራሻ ጨመሩበት። ይህ ስሕተት እንደነበር አምነው ይቅርታ ከጠየቁ ወደ ሥራዎ ይመለሳሉ። ከዚህ የቀለለ ነገር ልንሰጥዎ አንችልም።»

«አመሰግናለሁ። ይቅርታ አልጠይቅም።»

«ወንድምዎ የሞተው በአየር ላይ በተነገረ ወሬ ነው። እርስዎ ራስዎ ሕጉ ይውጣ ብለው የመሰከሩት መዝገብ እዚህ አለ።»

«ወንድሜን የገደለው ውሸት ነው» አለች ዘሐራ። «እኔም የመሰከርኩት ውሸት ይቁም ብዬ ነው። እናንተ ውሸቱን ከእውነቱ መለየት ሲከብዳችሁ ሁለቱንም አንድ ላይ ዘጋችኋቸው። ያን ቀን አንድ ሰው ማይክ ይዞ ‹ሳጥኑ አልተሰረቀም፣ እዚህ ቆሜ እያየሁት ነው› ቢል ኖሮ ጀማል ዛሬ የልጅ ልጅ ያይ ነበር። ዝምታ አላዳነውም። የሚናገርለት ነው ያጣው።»

አዳራሹ ውስጥ ማዳመጫ የሚያወልቁ እጆች ታዩ። ዳኛዋ አዩአቸውና ጥያቄያቸውን ቀጠሉ።

«በሚቀጥለው ምርጫ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምዎስ?»

«ያው ነው የማደርገው። ያኔ ግን ፈቃድ ስጠብቅ ጠዋቱን አላባክንም።»

ፍርዱ እስራት አልነበረም። እስከሚቀጥለው ምርጫ የድምፅ እገዳ ተፈረደባት። ድምፅዋ ማጣሪያው ላይ ተመዘገበ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ምንም መሣሪያ የዘሐራን ድምፅ አያስተላልፍም። የቤቷ በር ስትጠራው አይከፈትላትም፣ በቁልፍ መክፈት ጀመረች። ሱቅ ገብታ ስኳር ስትጠይቅ ባለሱቁ በማዳመጫው ጠብ ብቻ ይሰማና አውልቆ እንደገና ይጠይቃታል፤ አንዳንዱ ማውለቁን ይፈራል። ድሬዳዋ ላለችው እህቷ ስትደውል ከወዲያ የሚሰማው ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ነው። አንድ ቀን እህቷ ጠብታውን እስከ መጨረሻው አዳምጣ፣ «ደህና መሆንሽን አውቄያለሁ» ብላ ዘጋችው። ዘሐራ ያን ዕለት ከቤት አልወጣችም።

በማግሥቱ ወጣች። መሬም ከንጋት ጀምራ መንገዱን ዞራ ያየችውን ነግራት ነበር፤ ሌሎች ሹፌሮችም እንደ ድሮው፣ አሁን ግን በሯን እያንኳኩ ነገሯት። ዘሐራ ወደ መናኸሪያው ሄደች። መኪኖቹ በሚወጡበት በር አጠገብ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት፣ ከፍ ያለ የእግረኛ ጠርዝ አለ። እሱ ላይ ወጣች። ጉሮሮዋን ጠረገችና ያለ ማይክ፣ ባላት ድምፅ ተናገረች።

«የደሴ መንገድ ክፍት ነው። ሐረጎ ላይ ጉም ስላለ ቀስ በሉ። የሐርቡ መንገድ ከጎርፉ በኋላ ተጠርጓል...»

መጀመሪያ የሰሟት በጣም ቅርብ ያሉት ብቻ ነበሩ። ለእነሱም ማዳመጫቸው ጠብታ ነው ያሰማቸው። አንዲት ሽንኩርት የተሸከመች ሴት ቆመች፣ አየቻት፣ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ ነቀለች። ጎኗ የነበረው ሰውም ነቀለ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ሌላውም አጠፋ። መናኸሪያው ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ ወርዶ አያውቅም፤ ያ ጸጥታ ግን ለመስማት የተደረገ ነበር።

አንድ ፖሊስ ሰዉን እየከፈለ መጣ። ጎልማሳ ነው፣ ጢሙን ያሳደገ። ከፊቷ ቆሞ አፏን አየ፣ ከማዳመጫው የሚመጣውን ጠብታ ሰማ፣ ቆይቶ ማዳመጫውን አውልቆ በመዳፉ ያዘው።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አላት።

«ሰው እያነጋገርኩ ነው።»

«እገዳ የለብሽም?»

«መሣሪያ ላይ ነው ያለው። አፌ ላይ ምንም የለም። አፌንም ከፈለጋችሁ ሕጉን አምጡና አንብቡልኝ፤ እዚሁ ቆሜ እሰማችኋለሁ።»

ሰዉ ሁሉ ፖሊሱን አየው። እሱ ማዳመጫውን በእጁ ውስጥ ሁለት ጊዜ አገላበጠው፣ ወደ መናኸሪያው ቢሮ ዞር ብሎ አየ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

«የባቲውስ? ባለቤቴ ዛሬ በዚያ ነው የምትመጣው።»

«የባቲው ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው» አለችው ዘሐራ። ከዚያ የኋላዎቹም እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ባቲ የምትሄዱ፣ መንገዱ ክፍት ነው። ድልድዮቹም ደህና ናቸው።»